ለጌም ዓለማችሁ የትኛው ተራራ ይሻላል? የተራራ አፈጣጠሮች ሲነጻጸሩ

ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር ሰው ካርታው ላይ ቀድሞ ከሚስላቸው ነገሮች አንዱ ተራራ ነው። በባዶው ወረቀት ላይ የሾሉ ሦስት ማዕዘኖች ይደረደራሉ፤ በወዲህ በኩል የሰዎች መንግሥት፣ በወዲያ በኩል የኦርኮች (የጭራቅ ተዋጊዎች) አገር ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ጨዋታው ሲጀመር ነው። አንዱ ተጫዋች «ይህ ወንዝ ከየት ነው የሚነሳው?» ይላል። ሌላው ከምድር በታች ስለሚኖሩት ድንክ ሕዝቦች «ድዋርፎቹ ምን እየቆፈሩ ነው የሚኖሩት?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ ስንቅ ቆጥሮ፣ ገመድ ገዝቶ፣ «በየት በኩል ነው የምናቋርጠው?» ይላል።

የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ያለው ተራራው እንዴት ተፈጠረ በሚለው ውስጥ ነው። በሆዱ ምን ማዕድን እንዳለ፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ፣ በሩ የት እንደሚከፈት፣ ነዋሪው ማታ ማታ ምን እንደሚፈራ የሚወስነው አፈጣጠሩ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ስታነጻጽሩ «ተጫዋቾቼ እዚያ ሄደው ምን እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ?» እያላችሁ ብታነቡ ይሻላል። በካርታ ላይ ሁሉም ያምራል። ምሳሌዎቹን ከእውነተኛዋ ምድር የወሰድኩት ምናባዊ ዓለም ለሳይንስ መገዛት አለበት ብዬ አይደለም፤ እውነተኞቹ ተራሮች ከአብዛኞቻችን ምናብ የበለጠ እንግዳ ስለሆኑ ነው።

የብስ ከየብስ ሲጋጭ

ተራራና ተራራ አይገናኝም ይባላል፤ ምድርና ምድር ግን ይገናኛል። ሕንድን የተሸከመው የምድር ቅርፊት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተጋጭቶ ሂማላያን አስነሳ። ግጭቱ አላበቃም፤ ሕንድ ዛሬም በዓመት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትገፋለች። የሁለቱም ወገን ቅርፊት ወፍራምና ቀላል በመሆኑ አንዱ ከሌላው ሥር በቀላሉ አይሰምጥም፤ እየታጠፈና እየተደራረበ ወደ ላይ ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ 8,849 ሜትር የሚደርሰው ኤቨረስት የዚህ ግፊያ ውጤት ነው።

ለጌም የሚሰጠው ትልቁ ነገር ግንብነቱ ነው። ሁለት ሥልጣኔዎች ለሺህ ዓመታት ሳይተዋወቁ እንዲኖሩ ከፈለጋችሁ ይህን ምረጡ። ነገር ግን ግንቡ ላይ የሚከፈተውን በር በዘፈቀደ አታስቀምጡት። በሂማላያ አንዳንድ ወንዞች ከተራራው በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ተራራው ቀስ እያለ ሲነሳ ወንዙ እዚያው ሆኖ እየሰነጠቀ ቀጠለ። ካሊ ጋንዳኪ የሚባለው የኔፓል ወንዝ ዳውላጊሪና አናፑርና በተባሉ፣ ሁለቱም ከ8,000 ሜትር በላይ በሆኑ ተራሮች መካከል ያልፋል። የቲቤት ጨው በዚያ ሸለቆ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ እህል ደግሞ በዚያው ወደ ላይ ይወጣ ነበር። በጌም ቋንቋ ስትመለከቱት እንዲህ ያለ መተላለፊያ የሺህ ኪሎ ሜትር ግንብ አንድ ቀዳዳ ነው። እዚያ ኬላ ያቆመ ጌታ የሁለት አገር ዋጋ ይወስናል።

ሌላው የምወድለት ነገር ጫፉ ላይ ያለው ባሕር ነው። የኤቨረስት አናት የኖራ ድንጋይ ሲሆን ውስጡ የጥንት የባሕር ፍጥረታት ቅሪት አለበት። በካሊ ጋንዳኪ ዳርቻ የሚገኙት የአሞናይት (የጠፋ ጥንታዊ የባሕር ፍጥረት) ቅሪት ያለባቸው ድንጋዮች በሂንዱ አማኞች ዘንድ የቪሽኑ ምልክት ሆነው ይከበራሉ። ካህን ገጸ ባሕርይ ላለው ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ቅዱስ ዕቃ ለመፈልሰፍ ብዙ መድከም ያስፈልጋል።

እሳተ ገሞራ ግን እዚህ አትጠብቁ። በዚህ ዓይነቱ ሰንሰለት መሃል ቀይ ላቫ የሚተፋ ጉድጓድ የሚያስቀምጡ ካርታዎች ብዙ ናቸው፤ ዘንዶ ካለበት በቀር ምክንያት የለውም። አደጋው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተትና በበረዶ የተገደበ ሐይቅ በድንገት መፍረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓልን የመታው መንቀጥቀጥ መጠኑ 7.8 ነበር።

ባሕር ከየብስ ሥር ሲሰምጥ

ጨዋታችሁ የሀብት ጥድፊያ ከሆነ አንዲስን እዩ። የናዝካ የውቅያኖስ ቅርፊት ከደቡብ አሜሪካ ሥር ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ የሚያስገባው ውሃ የላይኛውን ትኩስ አለት የመቅለጫ ነጥብ ያወርዳል፤ ቅልጡ ወደ ላይ ይወጣል። ከባሕሩ ዳርቻ ገባ ብሎ፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የእሳተ ገሞራ መስመር ይፈጠራል። ሰንሰለቱ 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ከቅልጡ ጋር የሚወጣ ትኩስ ውሃ በስንጥቆች ውስጥ ብርና መዳብ እያስቀመጠ ይሄዳል። በዛሬዋ ቦሊቪያ፣ ፖቶሲ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1545 የተገኘው የብር ተራራ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትልቅ ከተማ አስቆረቆረ፤ የስፔን ንጉሥን ግምጃ ቤት ሞላ፤ በግዳጅ የተሰማሩ እጅግ ብዙ የአገሬው ተወላጆችን ሕይወት በላ። ተጫዋቾቻችሁ የክፋት ምሽግ ሲፈልጉ የአጥንት ዙፋን ያለው ጠንቋይ ከምታቀርቡላቸው እንዲህ ያለ ማዕድን ማውጫ ብታቀርቡ ይበልጥ ያማቸዋል።

አደጋዎቹም በየዓይነቱ ናቸው። እስከ ዛሬ በመሣሪያ ከተመዘገቡት የመሬት መንቀጥቀጦች ትልቁ፣ መጠኑ 9.5 የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሌን የመታው ነው፤ ሱናሚው ፓሲፊክን ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1985 የኮሎምቢያው ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ሲፈነዳ ፍንዳታው ራሱ ያን ያህል ግዙፍ አልነበረም፤ አናቱ ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ ከአመድ ጋር የሠራው የጭቃ ጎርፍ ግን አርሜሮ የተባለችውን ከተማ ቀበረ፤ ከ20,000 በላይ ሰው ሞተ። ከተማዋ ከተራራው በአሥራዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር። ጨዋታውን ለሚመራው ሰው፣ ለጌም ማስተር፣ ይህ ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ተራራው ሲጨስ ከታየ በኋላ ቡድኑ በሸለቆው ወርዶ ሰው ለማስጠንቀቅ ጥቂት ሰዓታት አሉት፤ ደረሱ አልደረሱ በዳይስ ይወሰናል።

ይህን አማራጭ ስትመርጡ ሁለት ነገር አትርሱ። ሰንሰለቱ ከባሕር ዳርቻ ጋር ይሂድ፤ በአህጉር መካከል ብቻውን የተገተረ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ወስኑና ከጀርባው በረሃ አስቀምጡ። አታካማ በምድር ላይ ካሉት ደረቅ ቦታዎች አንዱ የሆነው በአንድ በኩል አንዲስ የአማዞንን እርጥበት ስለሚከለክለው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛው የባሕር ሞገድ ዝናብ ስለሚነሳው ነው።

ሰው ከላይ የሚኖርበት ተራራ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ጌም ሠሪዎች ከሁሉ ያነሰ የሚጠቀሙበት፣ እኛ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ የምናውቀው ይህ ስለሆነ ነው።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ እጅግ ብዙ ላቫ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰሜናዊና መካከለኛ ክፍል በንብርብር ባዛልት ሸፈነ። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስሜን ደግሞ በዚያ ላይ የተቆለለ የትልቅ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን እዚያ ነው። ምድሪቱ ከሥር በትኩስ አለት እየተገፋች ከፍ አለች፤ ከዚያ መሃሏ ተሰነጠቀና ስምጥ ሸለቆ ሆነ። ወንዞች ቀሪውን ሥራ ሠሩ። የዓባይ ሸለቆ ጥልቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል።

በተለመደው ምናባዊ ካርታ ሰው ሜዳ ላይ ይኖራል፤ ተራራ የጭራቆችና የመናኞች ነው። በዚህኛው ይገለበጣል። እርሻው፣ ከተማው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው ከላይ ነው። አስፈሪው ታች ነው፤ ሙቀቱ፣ ወባው፣ የሸለቆው ሽፍታ። አንድ ቡድን «ወደ ዱንጀን እንውረድ» ሲል፣ ማለትም አደጋና ሀብት ወዳለበት ጥልቅ ስፍራ፣ ቃል በቃል ከአገር መውረዱ ነው። የጎረቤት መንደር በዓይን ይታያል፤ ምናልባት ተጣርቶም ይሰማል፤ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና መውጣት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ክረምት ከገባና ወንዙ ከሞላ ደግሞ እስከ መስከረም መጠበቅ ነው። የጉዞ ሕጎችን በማይል ወይም በኪሎ ሜትር ለሚቆጥሩ ጌሞች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እዚህ ርቀት የሚለካው በወጣችሁትና በወረዳችሁት ነው።

የአየር ንብረቱም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አይለወጥም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ለያንዳንዱ እርከን የራሱን እህል፣ የራሱን በሽታ፣ የራሱን አውሬ ስጡት። ማሽላው ወደ ጤፍ፣ ጤፉ ወደ ገብስ፣ ገብሱ ደግሞ ወደ ጅብራና ጓሳ ሲለወጥ ተጫዋቹ ካርታ ሳያይ የት እንደደረሰ ያውቃል። ስሜን ላይ ዋሊያና ጭላዳ የሚኖሩበት ገደል ለሌላ እንስሳ ብዙም አይመችም፤ እናንተም ከዚያ በላይ ብቻ የሚገኝ ፍጡር ብትፈጥሩ ማንም አይጠይቃችሁም።

ከዚያ አምባ አለ። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት። አናቱ ላይ ውሃና እርሻ ካለ ከበባ የማይበግረው ምሽግ ነው። ግሸን አምባ ላይ የንጉሥ ወንድ ዘሮች ለዙፋን እንዳይፋለሙ ተዘግተው ይኖሩ ነበር። ይህ የፖለቲካ ዱንጀን ነው፤ «ልዑሉን አስመልጡ» የሚል ተልእኮ ሳይጻፍ ራሱን ጽፏል። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተፋልመው ያረፉት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። ያ ጦር ከቀይ ባሕር ዳር ዙላ ተነስቶ፣ መንገድ እየሠራ፣ መድፉን በዝሆን ጭኖ ነው እስከዚያ የወጣው፤ ውጊያው ራሱ ከመንገዱ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነበር። ከበባ የሚያስኬድ ጌም ሠሪ የስንቁንና የመንገዱን ክፍል የጨዋታው ዋና አካል ቢያደርገው ታሪኩ ይደግፈዋል።

የዚህ ዓይነቱ ተራራ ማዕድን ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም። ባዛልቱ ውስጥ ወርቅ አትፈልጉ። በወሎ ደላንታ በኩል ኦፓል ከእሳተ ገሞራው ንብርብር ይወጣል፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥንት ሰው መሣሪያ የሠራበት ኦብሲዲያን አለ፤ ወርቁ ያለው ባዛልቱ ባልሸፈነበት፣ እንደ አዶላና ወለጋ ባለው በጣም ጥንታዊ አለት ውስጥ ነው። ጨው ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ካለው ስፍራ ይመጣል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳናክል ሜዳ ላይ የሚቆረጠው አሞሌ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ለረጅም ዘመን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ስለዚህ ከላይ ያለው መንግሥት ገንዘቡ የሚቆረጠው እርሱ መኖር በማይችልበት ምድር ነው። ኢኮኖሚ የሚባል ነገር ለሌለበት ምናባዊ ዓለም ይህ አንድ ሐቅ ብቻውን ይበቃል።

ድንገተኛ ክስተት ከፈለጋችሁም አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድሪቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቃ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተከፈተች። የጥንት በር የሚከፈትበትን ቀን ለምትፈልጉ፣ ተፈጥሮ ሠርታ አሳይታለች።

ጉዳቱስ? ትልቅ ጦር ማንቀሳቀስ ከባድ ነው፤ ፈረሰኛ በሜዳ ላይ የሚጋልብበት ጌም የምትወዱ ከሆነ ያናድዳችኋል። ካርታውም ለመሣል ያስቸግራል፤ ገደል የሚታየው በቀለም ወይም በከፍታ መስመር እንጂ በሦስት ማዕዘን አይደለም።

ባጭሩ የማልፋቸው

የተፈናጠረ እሳት፣ ማለትም ከቅርፊቱ ድንበር ርቆ በአንድ ቦታ ከሥር የሚወጣ ቅልጥ፣ ደሴቶችን ይሠራል። ቅርፊቱ በላዩ ስለሚንቀሳቀስ አዲሶቹ ደሴቶች በአንድ ጫፍ፣ ያረጁትና የሰመጡት በሌላው ጫፍ ይሰለፋሉ፤ ሃዋይ እንዲህ ነው። ማውና ኬያ ከባሕር በላይ 4,207 ሜትር ቢሆንም ከባሕሩ በታች ካለው ግርጌው ሲለካ ከ10,000 ሜትር ይበልጣል። በመርከብ ለሚካሄድ ጌም የደሴቱን ዕድሜ ከአደጋው ደረጃ ጋር ማያያዝ ትችላላችሁ። ዓለማችሁ ቅርፊቷ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ እሳቱ አንድ ቦታ ብቻ ይቆልላል። የማርስ ኦሊምፐስ ሞንስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በዚህና በማርስ ደካማ ስበት ምክንያት ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ስፋቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ተዳፋቱ ለዘብ ያለ ነው። ላዩ ላይ የቆመ ሰው ተራራ ላይ መሆኑንም አያስተውል ይሆናል። ትልቁ ተራራ አስፈሪው ተራራ አይደለም።

ከስምጥ ሸለቆ ጋር አብሮ ወደ ላይ የተገፋ ቁራጭ ምድርም አለ። በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው ርዌንዞሪ እሳተ ገሞራ ሳይሆን 5,109 ሜትር ደርሷል፤ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆኖም በረዶ አለው። ትንሽ፣ ገለልተኛ፣ ጭጋጋማ ተራራ ለሚፈልግ ሰው ይበቃል።

ያረጁ ተራሮች ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ ይገባቸዋል። የአሜሪካው አፓላቺያን ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬ ከፍተኛ ጫፉ 2,037 ሜትር ብቻ ነው። ኡራል ከዚያም ያንሳል፤ ግን ሆዱ በብረት፣ በማላካይት፣ በመረግድ የተሞላ ነው። አናቱ ለዘመናት ታጥቦ ሲያልቅ የተራራው ሥር ገሃድ ይወጣል፤ ማዕድኑም አብሮ። እኛ ዘንድ ወርቁን የያዘው ጥንታዊ አለትም ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሳና ያለቀ የሌላ ተራራ ሰንሰለት ሥር ነው። እንግዲህ በየጌሙ ድዋርፎችን በበረዶ በተሸፈኑ ሹል ጫፎች ሥር ማስፈር ልማድ ሆኗል፤ እኔ ብሆን ክብ ክብ ባሉ፣ ጫካ በለበሱ፣ ማንም ከሩቅ አይቶ ተራራ ብሎ በማይፈራቸው ዝቅተኛ ኮረብታዎች ሥር አኖራቸዋለሁ። የሚቆፈረው እዚያ ነው። መንገዱም ቀላል ነው፤ ብረታቸውን ለመሸጥ በበረዶ ውስጥ ማቋረጥ የለባቸውም።

አምላክ የሠራው ተራራ

ምናባዊ ዓለም ነው፤ አማልክት ካሉ ተራራ መሥራታቸው አይቀርም። ይህ አማራጭ ከሳይንሱ ያነሰ አይደለም፤ ግን ከሁሉ ይልቅ በስንፍና የሚሠራበት እርሱ ነው። «ጥንት አምላክ ተራራውን አቆመ» ብሎ መተው ምንም አለመናገር ነው።

የቻይና አፈ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ጎንግጎንግ የተባለው የውሃ አምላክ በጦርነት ተሸንፎ በንዴት ራሱን ቡዦው ከተባለው ተራራ ጋር ያጋጫል። ተራራው ሰማይን ከተሸከሙት ምሰሶዎች አንዱ ነበርና ይሰበራል፤ ሰማይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዘነብላል፤ ምድር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትዘቀዝቃለች። የቻይና ወንዞች ወደዚያ የሚፈስሱት ለዚህ ነው ይላል ተረቱ። እዩት፤ ተረቱ የተራራውን አፈጣጠር፣ የኮከቦቹን አቅጣጫና የወንዞቹን መውረጃ በአንድ ክስተት አሰረ። በስካንዲኔቪያ ጥንታዊ ተረት ደግሞ አማልክቱ ይሚር የተባለውን ግዙፍ ገድለው ከአጥንቱ ተራራ ሠሩ። ለጌም ይህን ብትወስዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ መቅኒው የት አለ? የጎድን አጥንቱ መስመር ከሰንሰለቱ ጋር ይሄዳል? የሚቆፍሩት ምን ያገኛሉ?

ከኮምፒውተር ጌሞች የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጥሩ አብነት ነው። በዚያ ዓለም ተረት የተገደለ አምላክ ልብ ባሕር ውስጥ ተወርውሮ በወደቀበት ቀዩ ተራራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሞሮዊንድ ታሪኩ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚያ ተራራ ሆድ ባለው ልብ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ጌሞች ተራራው ፈንድቶ ሕዝቡ ወደ ሌላ አገር ተሰዶ እናገኘዋለን። ተረቱ ማዕድን ሰጠ፤ አደጋ ሰጠ፤ ስደተኛም ሰጠ። መለኪያችሁ ይህ ይሁን።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ተረቱ እውነት መሆን የለበትም። ደብረ ዳሞ ላይ አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ተሸክሞ ወደ አምባው እንዳወጣቸው ይተረካል፤ ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚወጣ ወንድ 15 ሜትር ያህል የሆነውን ገደል በገመድ ይወጣል። ትረካውና ገመዱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስፈልግህም አይለውም። በጌማችሁም ሁለት ሕዝቦች ስለ አንድ ተራራ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ቢናገሩና ድንጋዩ ሦስተኛ ነገር ቢናገር ተጫዋቹ የሚመረምረው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ ሲሠራው

ካርታውን በእጅ ለማይስሉ ሌላ ምርጫ አለ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው፣ በስሙ የሚጠራው የድንገቴ ቁጥር ስልት ዛሬም የብዙ ጌሞች መሬት መሠረት ነው። ዓለሙ ከኩብ ብሎኮች የተሠራው ጌም ማይንክራፍት ከእርሱ ቤተሰብ የሆኑ ስልቶችን ይጠቀማል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው እድሳት የዓለሙን ጣሪያ ከ256 ወደ 320 ብሎክ ከፍ ሲያደርገው፣ ወለሉንም ከዜሮ በታች 64 ሲያወርደው ተራሮቹ በእርግጥም ተራራ መሰሉ።

ፍጥነቱ አይካድም። ጉድለቱ ግን ድንገቴ ቁጥር አቅጣጫ የለውም። ኮረብታ በየቦታው ይበቅላል፤ ሰንሰለት የሚባል መስመር አይወጣም፤ ጉድጓዶች ውሃ መውጫ አጥተው ይቀራሉ። ድዋርፍ ፎርትረስ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጌም፣ ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ወንዞች ተራራውን እንዲሸረሽሩ ያደርጋል፤ ከተራራው ጀርባ ዝናብ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሕዝቦችን ታሪክ የሚጀምረው። እናንተ ያን ያህል መድከም ካልፈለጋችሁ ዋናውን የሰንሰለት መስመር በእጃችሁ አስምሩና ድንገቴውን ለዝርዝሩ ብቻ ተጠቀሙበት፤ በላዩም የውሃ መሸርሸር የሚያስመስል መሣሪያ አሂዱበት። መስመሩን ለኮምፒውተር መተው አልመክርም።

ስትመርጡ

ጨዋታው ስለ ማቋረጥና ስለ መለያየት ከሆነ የግጭቱን ዓይነት ውሰዱ። ስለ ስግብግብነት ከሆነ አንዲስን። ስለ ድዋርፍና ስለ ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ያረጀውን። በመርከብ የሚሄድ ከሆነ ደሴቶቹን። ሥልጣን፣ ከበባ፣ ገዳምና የዘር ሐረግ ያለበት ከሆነ ግን አምባና ስምጥ ሸለቆ ከሁሉ ይበልጣል፤ የመጀመሪያ ካርታውን ለሚሠራ ሰውም የምመክረው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም በትንሽ ስፋት ውስጥ ብዙ ዓለም ያስገባል። ከባሕር እስከ በረሃ፣ ከበረሃ እስከ ውርጭ ያለው ርቀት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆንም ይበቃል። የአምላክ ሥራውን ከየትኛውም ጋር መደረብ ትችላላችሁ፤ ሁለት ዓይነት ሳይንሳዊ አፈጣጠር በአንድ ካርታ ላይ ማስገባትም ያምራል፤ ሦስት ግን ተጫዋቹ አይከተላችሁም።

ዕድሜውንም ወስኑ። ተራራው ሰው ከመኖሩ በፊት የነበረ ከሆነ ሕዝቡ ተረት ብቻ ነው ያለው። በአያቶች ዘመን የተነሳ ከሆነ ግን ገደል አናት ላይ የቀረ ወደብ፣ በሁለት የተከፈለ እርሻ፣ ድንበሩ የት እንደነበር የሚጨቃጨቁ ሁለት ወንድማማች መንደሮች ይኖራሉ፤ ይህ ደግሞ ከአስማት ውጪ በሌላ መንገድ አይሆንም፤ ስለዚህ አስማቱን ያደረገው ማን እንደሆነ መመለስ አለባችሁ።

ስትስሉ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይቀላል፤ መጀመሪያ የሰንሰለቱ መስመር፣ ቀጥሎ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ከዚያ እርጥቡና ደረቁ ጎን፣ ከዚያ ወንዞቹ፣ ከዚያ በሮቹ፣ በመጨረሻ ከተሞቹ። ወንዝ ወደ ታች ሲወርድ ከሌላ ወንዝ ጋር ይገናኛል እንጂ እንደ ቅርንጫፍ አይበተንም፤ ደልታ ላይ ካልሆነ በቀር። ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መውጫ ብቻ አለው። ሁሉም ወንዝ ባሕር መድረስም የለበትም፤ አዋሽ ከደጋ ተነስቶ፣ ስምጥ ሸለቆን ተከትሎ፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ካርታችሁ ላይ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ካለ አጥፍታችሁ አታስተካክሉት፤ የሚያበቃበትን ሐይቅ ስም አውጡለትና ጨዋማ አድርጉት።